ሞቷል ተብሎ ስለተቆረጠው የፋቡሉ ደንና ስለ አቶ አብዱልሐሚድ ቀፎ የተሰጠ ቃል

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ የትናየት ደምመላሽ
ዕድሜ፦ 31
የትውልድ ቦታ፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ
ሥራ፦ የሳተላይት ምስል ትንተና ባለሙያ (በኮንትራት)
አድራሻ፦ አሶሳ ከተማ፣ ተከራይታ የምትኖር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን ሀይደር አብዱ
ጉዳዩ፦ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በፋቡሉ ቀበሌ ደን ውስጥ ደባልቄ የተባለ የዛፍ ቆራጭ በንብ ተነድፎ ስለደረሰበት ከባድ የአካል ጉዳት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ዛሬ ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ ሳይሆን በራሴ እግርና በራሴ ፈቃድ ነው። በዚህ ጉዳይ ተጠርጥረው የታሰሩትን አቶ አብዱልሐሚድ አብዱልረሂምን አውቃቸዋለሁ፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። እውነቱን ብቻ እንድናገር መርማሪው አስጠንቅቀውኛል። አቶ አብዱልሐሚድ ሆን ብለው ንብ አስነስተው ሰው አስነድፈዋል የተባለው ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን በዓይኔ ያየሁትን ይዤ አስረዳለሁ። ሆኖም ነገሩ የተጀመረው በንብ ሳይሆን በእኔ ካርታ ስለሆነ ከዚያ እንድነሳ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

የምሠራው በደን ላይ የደረሰ የቃጠሎ ጉዳትን በሚያጠና ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ቢሮው አሶሳ ከተማ ሲሆን አለቃዬ አስተባባሪው ወሰን አጥናፉ ነው። ይህን ሰው እስከ ትናንት ድረስ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ግን አፌ እምቢ ብሎኛል። መርማሪው «በጽሑፍ ላይ በአክብሮት ቢጠሩ ይሻላል» ቢሉኝም እንደተናገርኩት እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ከጥር 9 እስከ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአሶሳ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬደው በፋቡሉ ቀበሌ ደን ላይ እሳት ተነሥቶ ነበር። የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ተጠይቄ፣ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የሚያነሳውን ምስል በኮምፒውተር መመርመር መሆኑን አስረድቻለሁ። ጤነኛ ቅጠል የፀሐይን ብርሃን የሚመልስበት መንገድ ከደረቀው ይለያል፤ ዓይናችን ባያየውም ሳተላይቱ ያየዋል። ከቃጠሎው በፊትና በኋላ የተነሡትን ምስሎች አስተያይቼ ለምለምነቱ በጣም የቀነሰበትን ቦታ በቀይ፣ ያልቀነሰበትን በአረንጓዴ አሳያለሁ። ቀይ ማለት በዚያ ቦታ ያለው ዛፍ ሞቷል ማለት ነው። ቀይ የሆነው ቦታ ደግሞ «የሞተ እንጨት» ተብሎ እንዲመነጠር ለአንድ የእንጨት ድርጅት እንደሚሰጥ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር።

ወሰን «ከቃጠሎው በፊት ላለው የጥቅምቱን ምስል ውሰጂ፤ ደመና የሌለበት ጥርት ያለ ነው» አለኝ። ወሰድኩ። ከቃጠሎው በኋላ ላለው የየካቲት 6ን ወሰድኩ። የዚህ አገር ደን ጥቅምት ላይ ክረምቱን ጠጥቶ የጠገበ ነው። የካቲት ላይ ግን እሳት ነካውም አልነካው ወይባው፣ ሾላው፣ ቆርቹ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል። እኔ የጽድና የባሕር ዛፍ አገር ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ዛፍ ቅጠሉን ከጨረሰ አበቃለት፤ ለማገዶ ይቆረጣል። ወደ አሶሳ የመጣሁት ባለፈው ነሐሴ ስለሆነ በጋውን አላውቀውም ነበር። የቢሯችን በር ላይ ያለው ዛፍ ሲራገፍ እንኳ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ጠፍቶ ነው ብዬ ዘበኛውን ተቆጥቻለሁ። ስለዚህ በኮምፒውተሬ ላይ ስድስት መቶ አርባ ሄክታር ቀልቶ ሳይ ደነገጥኩ እንጂ አልተጠራጠርኩም። ወሰን ግን አሶሳ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ያንኑ የበር ላይ ዛፍ አሥራ አንድ ጊዜ ሲራገፍና አሥራ አንድ ጊዜ ሲለመልም አይቷል። የጥቅምቱን ውሰጂ ያለኝ ይህን እያወቀ ነው።

ካርታ ብቻውን አይታመንም። በአሠራራችን ከቀዩ ቦታ ላይ ስድሳ ነጥብ ይመረጥና የመስክ ሠራተኛ በየነጥቡ ሄዶ፣ የዛፉን ቅርፊት በቢላ ፋቅ አድርጎ፣ ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ፣ ደረቅ ቡናማ ከሆነ ሞቷል ብሎ ቅጽ ይሞላል። ነጥቦቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የመስክ ሥራው ያብስራ ለተባለ የሥራ ባልደረባዬ ተሰጠ። ስድሳውን ነጥብ በሁለት ቀን ጨርሶ ተመለሰ። ስድሳውም «ሞቷል፣ ቅርፊቱ ደርቋል» ይላል። ካርታውና ቅጹ ገጠሙ ተብሎ የካቲት 21 ቀን በእኔ ፊርማና በወሰን ማኅተም ሰነዱ ወጣ።

መጋቢት 9 ቀን የመጨረሻውን ሪፖርት ሳደራጅ ነጥብ ቁጥር 37ን በምስሉ ላይ አጉልቼ ሳየው ኩሬ ላይ ወደቀ። ስመርጥ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ጥቅምት ላይ በቄጠማ ተሸፍኖ የነበረ ኩሬ ቄጠማው ሲደርቅ ኮምፒውተሩ ቀይ አድርጎት ኖሯል። የያብስራ ቅጽ ግን በነጥብ 37 ላይ «ወይባ፣ ዙሪያው አንድ ሜትር ከሃያ፣ ሞቷል፣ ቅርፊቱ ደርቋል» ይላል። ኩሬ መሃል ወይባ አብቅሎ፣ ለክቶ፣ ገድሎ ሞልቶልኛል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ቅጹን እንደገና ከመጀመሪያው አነበብኩት። ያብስራን ጠርቼ ስጠይቀው፣ ሁለቱንም ቀን ባምባሲ መንገድ ላይ ካለ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ከሹፌሩ ጋር ተቀምጠው እንደሞሉት ነገረኝ። «ውጤቱን አቶ ወሰን አስቀድመው ነግረውናል፤ ታዲያ በዚያ ፀሐይ ምን ያንከራትተናል?» አለኝ። ይህን ሲለኝ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር። አላፈረም።

መጋቢት 11 ቀን ለማንም ሳልናገር ሞተር ተኮናትሬ ፋቡሉ ሄድኩ። ከቀኑ 5 ሰዓት ገደማ ደኑ ዳር አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው አገኘሁ፤ አቶ አብዱልሐሚድ ናቸው። ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። የሞቱትን ዛፎች ለማየት ነው የመጣሁት አልኳቸው። ሳቁብኝ። አማርኛቸው ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ የተናገሩትን እንደተናገሩት አስመዘግባለሁ። «ማነው ሞተ ያለው? ያ ቢንቲ፣ ይሄ እንጨት ሞተ አይደለም። ተኛ ነው። ዝናብ ሲመጣ ይነሣል፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ፤ ያ ቢንቲ ልጄ ማለታቸው ነው። ቢላቸውን አውጥተው ጥላሸት የለበሰውን ቅርፊት ፋቅ ሲያደርጉት ሥሩ አረንጓዴ ነበር። በጣቴ ስነካው እርጥበቱ ጣቴ ላይ ቀረ። እሳቱ ሣሩን በልቶ፣ ቅርፊቱን አጥቁሮ አልፏል እንጂ ግንዱ ውስጥ አልገባም። እዚያ አካባቢ ሣር በየበጋው ይቃጠላል፤ ዛፉም ያንን ለምዶት ወፍራም ቅርፊት አውጥቷል። ከእርሳቸው ጋር እየዞርኩ ሃያ ሁለት ዛፍ ፋቅሁ። ሃያው በሕይወት ነበር።

ከእነዚህ አንዱ የእኔ ነጥብ ቁጥር 22 የሆነው ትልቅ ሾላ ነው። ከፍ ብሎ ቅርንጫፉ ላይ ከሽመል የተሠራ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ንቦቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ቀፎውን መጀመሪያ እዚያ ዛፍ ላይ የሰቀሉት አባታቸው እንደሆኑና፣ እርሳቸው ቀፎው ሲያረጅ እየለወጡ ዛፉን ግን እንዳልለወጡ ነገሩኝ። በመንደራቸው ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ማንም አይቆርጥም፤ ሐራም ነው አሉኝ። «ንብ ሞተ እንጨት ላይ ቤት አይሠራም» ብለው ጨመሩ። የሾላውን ቅርፊት ፍቀው አረንጓዴውን በጣታቸው ሲያሳዩኝ በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸው። ፎቶው ላይ ከራሳቸው በላይ ቀፎው ይታያል። ስልኬ ቀኑንና ቦታውን ከፎቶው ጋር አብሮ ይመዘግባል።

ቢሮ ተመልሼ የ2016ን የካቲት ከ2017 የካቲት ጋር፣ ማለትም ራቁቱን ደን ከራቁቱ ደን ጋር አስተያየሁ። ከስድስት መቶ አርባው ሄክታር በእርግጥ የሞተው አርባ ሰባት ብቻ ሆነ። መጋቢት 15 ቀን አዲሱን ካርታ ይዤ ወሰን ቢሮ ገባሁ። ካርታውን ገልጦ እንኳ አላየውም። «አየሽ የትናየት፣ ሰነዱ ሄዷል፤ ፈቃዱም ወጥቷል። አሁን ተሳስቻለሁ ብትዪ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ፤ ፊርማው ያንቺ ነው። እኔ ደግሞ ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ እንዲታደስ ነው የምፈልገው» አለኝ። ይህን ሲል ብርቱካን እየላጠ ነበር። ግማሹን «እንኪ፣ ብዪ» ብሎ ዘረጋልኝ። ተቀብዬ በላሁ። መርማሪው ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው ጠይቀውኛል። እኔም አላውቅም ብያለሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁሉ በላይ የሚያስጠላኝ ያች ብርቱካን ስለሆነች ሳትጻፍ እንዳታልፍ ጠይቄያለሁ።

«ስሕተቱን ካወቁ ለምን ለሚመለከተው አካል አላሳወቁም?» ተብዬ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ፦ እንጀራዬን ፈርቼ ነው። ሌላ የሚያምር ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። ደኑን ቶሎ አይቆርጡትም፣ ዝናቡ ይቀድማቸዋል፣ ዛፉ ሲለመልም ያፍራሉ እያልኩ ራሴን አባበልኩ። የሚያፍር ሰው መስሎኝ ነው።

ቆረጣው ሚያዝያ 14 ቀን ተጀመረ። ሚያዝያ 21 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የካርታውን ድንበር በጂፒኤስ እንዳሳይ ተብዬ ከወሰንና ከያብስራ ጋር ፋቡሉ ሄድኩ። ነጥብ 22 ላይ ስንደርስ ሾላው በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። አቶ አብዱልሐሚድና አሥር የሚሆኑ የመንደሩ ሰዎች ዛፉ ሥር ቆመው ነበር። በእጃቸው ዱላም ድንጋይም አላየሁም። የመጋዝ ማሽኑን የያዘው ደባልቄ ነው። ደባልቄ የንብ አገር የሆነው የቡለን ልጅ ስለሆነ ንብ ያውቃል፤ ማሽኑን ሳያስነሣ ቀና ብሎ አየና «አቶ ወሰን፣ ቀፎው ሙሉ ነው። እኛም አገር እንዲህ ያለ አይነካም» አለ። አቶ አብዱልሐሚድ በበኩላቸው አልተጣሉም። «ማታ ድረስ ተው። ማታ በጭስ እኔ አወርዳለሁ። አሁን ፀሐይ ነው፣ ንብ ይቆጣል» አሉ። ዛፉ ከተቆረጠ ይቆረጥ፣ ንቤን ብቻ ላውጣ ማለታቸው ነው። የለመኑት ግማሽ ቀን ነው።

ወሰን «የሞተ ዛፍ ላይ ንብ ምን ትሠራለች? ባዶ ቀፎ ነው፤ ቁረጥ» አለ። ደባልቄ ሲያመነታ «ካልሆነ ማሽኑን አስቀምጥና ሂድ፣ ሥራ የሚፈልግ ሞልቷል» አለው። እኔ ከእነርሱ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። ዛፉ በሕይወት እንዳለ አውቃለሁ፤ ቀፎው ሙሉ እንደሆነ አውቃለሁ። አቶ አብዱልሐሚድ ወደ እኔ ዞረው «ይቺ ልጅ አይታለች፣ ጠይቃት» አሉ። ወሰንም ዞሮ አየኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የያዝኩትን ጂፒኤስ አየሁ። ደባልቄ ማሽኑን አስነሣ።

ሾላው ሲወድቅ ቀፎው መሬት ላይ ተሰነጠቀ። ንቡ መጀመሪያ ያገኘው ደባልቄን ነው። ወሰን ከሁላችንም ቀድሞ መኪና ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ። እኔና ያብስራም ገባን። ደባልቄ ፊቱን በአንድ እጁ ይዞ እየተደናበረ መጥቶ የመኪናውን በር በሌላው እጁ ደበደበ። ወሰን ቁልፉን ከውስጥ ተጫነው። «ንቡ ይገባል» አለ። እጄን ወደ በሩ ስሰድ ያዘኝ። ያዘኝ ስል ጠፍሮ አልያዘኝም፤ መዳፉን እጄ ላይ ብቻ አሳረፈ። ብፈልግ ኖሮ እከፍተው ነበር። ሹፌሩን «ንዳ» አለው፤ ሄድን። በኋላው መስታወት ያየሁት አቶ አብዱልሐሚድ ልብሳቸውን አውልቀው ደባልቄን ሲያከናንቡትና እየጎተቱ ወደ ጅረቱ ሲወስዱት ነው። ራቁት ጀርባቸው ላይ ንቡ ሰፍሮ ነበር። የመንደሩ ሰዎች እርጥብ ሣር አቀጣጥለው ጭስ ሲያስነሡም አይቻለሁ። ደባልቄን በኋላ ሆስፒታል ያደረሱት እነርሱ ናቸው፤ የእኛ መኪና ቀጥታ ቢሮ ገባ።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ወሰን፣ አቶ አብዱልሐሚድ ሌሊት ቀፎ አምጥተው ሰቅለው፣ ሠራተኛ ሲጠጋ በድንጋይ መትተው ንብ ለቀቁብን ብሎ እንዳመለከተ ሰማሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ያብስራ አይቻለሁ ብሎ ፈረመ። ኩሬ መሃል ወይባ ያየ ሰው ድንጋይ ማየት አያቅተውም። እኔም እንድፈርም ስጠየቅ ራሴን አመመኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አልፈረምኩም፤ ግን ውሸት ነውም አላልኩም። አቶ አብዱልሐሚድ በዚህ ጣቢያ ታስረው ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀናቸው ነው።

ቀፎው በቆረጣው ሌሊት የተሰቀለ አለመሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ አለ ወይ ተብዬ፣ ከላይ የጠቀስኩትን የመጋቢት 11 ፎቶ አሳትሜ ከነስልኬ አቅርቤያለሁ። ቀፎው ዛፉ ከመቆረጡ ከአርባ ቀን በፊት እዚያው ቅርንጫፍ ላይ ነበር። መርማሪው ፎቶውን ካዩ በኋላ «ይህ ፎቶ ዛፉ በሕይወት እንዳለ እርስዎም ከአርባ ቀን በፊት ያውቁ እንደነበር ያሳያል። ይህን ተረድተው ነው የሚያቀርቡት?» ብለው ጠይቀውኛል። ተረድቼ ነው። የፎቶውን የታችኛውን ክፍል ቆርጬ ቀፎውን ብቻ ማምጣት እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር ስልኬ ላይ ቆርጬ አይቼዋለሁ። ሰውየውና የተፋቀው ግንድ ሲወጡ ቀፎው የማን፣ ዛፉም የቱ እንደሆነ አይታወቅም። መልሼ እንደነበረ አደረግሁት።

ለምን ዛሬ እንደመጣሁ ተጠይቄ የሚከተለውን መልሻለሁ። ከፋቡሉ የተቆረጠው ግንድ ከፊሉ ቢሯችን ጓሮ ተከምሯል። ዝናቡ ከግንቦት 1 ጀምሮ ሲዘንብ ሰንብቷል። ዛሬ ጠዋት 2፡30 ሥራ ስገባ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ በለጡና ሁለት ዘበኞች ክምሩ ላይ ተጎንብሰው አገኘኋቸው። ምን እንደሚሠሩ ስጠጋ ግንዱ ቅጠል አውጥቷል። ሁሉም አይደለም፤ ወይባው ዝም ብሏል። የሾላውና የቆርቹ ግንድ ግን በተቆረጠበት ዳር ዳሩን ቀንበጥ አውጥቶ፣ አንዳንዱ ጣት ያህል ረዝሟል። ሥር የለው፣ አፈር የለው፣ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ ነው የሚለመልመው። እትዬ በለጡ እየቀነጠሱ ማዳበሪያ ውስጥ ይከታሉ። ምን እየሆነ ነው አልኳቸው። «አቶ ወሰን ቀንጥሱ ብለው ነው፤ ከሰዓት ከበላይ ኮሚቴ ይመጣል አሉ። ልጄ፣ ሬሳ ሲገነዝ አይቻለሁ፤ ሬሳ ሲላጭ ግን ዛሬ ነው ያየሁት» አሉኝ።

ወሰን ከኋላዬ መጣ። የሚናደድ ወይም የሚደብቅ መስሎኝ ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። ሰዓቱን አየና «የትናየት፣ አንቺም ያዥ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ከሥሩ ንቀሉት፣ ጉቶው እንዳይታይ» አለኝ። የቢሮ ወረቀት አስተካክዪ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። እጄም ለመደ መሰለኝ፣ ሄዶ አንድ ቀንበጥ ቀነጠሰ። ከሾላው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለ ጣቴ ላይ ወረደ። የሚያስጠላኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። ሰው ውሸቱ ዓይኑ እያየ ቅጠል ሲያወጣበት ቅጠሉን አስለቅሞ ቁርሱን ለመብላት መሄዱ ነው። ከዚህ በኋላ ማዳበሪያውን ከእትዬ በለጡ እጅ ተቀበልኩ። ዘበኛው ወዴት ነው ሲለኝ ቆሻሻ ልደፋ ነው አልኩትና ተሸክሜ ቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም ጅቡ ገና አልሄደም። ከደኑ ሩብ ያህሉ ነው የተቆረጠው፤ ማሽኖቹ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ወደ ፋቡሉ ይመለሳሉ ተብሏል። ቀሪው ደን ዛሬ ቅጠል ለብሷል። ሳተላይትም ባለሙያም አያስፈልግም፤ አንድ ፖሊስ ሄዶ ቆሞ ቢያየው ይበቃል። ቆረጣው እስከዚያ እንዲታገድ አመለክታለሁ።

ቃሌን በዚህ ልጨርስ ስል መርማሪው በማዳበሪያው ውስጥ ያለው ቅጠል ከየትኛው ዛፍ እንደሆነ ለማስለየት አቶ አብዱልሐሚድን ከማረፊያ ክፍል አስጠርተው እኔ ባለሁበት አሳይተዋቸዋል። በንብ የተነደፈው ቀኝ ዓይናቸው ዙሪያ አሁንም እንዳበጠ ነው። እጃቸውን ማዳበሪያው ውስጥ ከትተው አንድ እፍኝ አወጡና አሸተቱት። «ይሄ ሾላ ነው። ይሄ ቆርች ነው። ይሄ ዛሬ የተቀጠፈ ነው» ብለው ለዩ። መርማሪው ከየት እንደመጣና ማን እንዳመጣው ነገሯቸው። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝም ይቀለኝ ነበር። አልሰደቡኝም። ነግሬሽ ነበርም አላሉኝም። «ያ ልጅ፣ ማሽን የያዘው፣ ዓይኑ ተከፈተ?» ብለው ጠየቁኝ።

ደባልቄ የተኛበት ሆስፒታል ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በአሥራ ስድስት ቀን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅሁትም።

ይህ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልጨመርኩም፤ ሆኖ እያለ ላስቀረው የፈለግሁት ነበር፣ እሱንም አላስቀረሁም። ፍርድ ቤት በተጠራሁ ጊዜ ይህንኑ እደግማለሁ። በሰጠሁት ቃል ምክንያት ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ልዞር እንደምችል መርማሪው ነግረውኝ፣ ሰምቼና ተረድቼ በፊርማዬ አጽንቼዋለሁ።

ከቃሉ ጋር የቀረቡ ማስረጃዎች፦ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶ ከነስልኩ፤ መጋቢት 15 ቀን የተሠራው ካርታ አንድ ቅጂ፤ እስከ ግማሹ ቅጠል የያዘ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት።

የምስክሯ ፊርማ፦ የትናየት ደምመላሽ
የመርማሪው ፊርማ፦ ም/ሳጅን ሀይደር አብዱ
ቃሉ ያለቀበት ሰዓት፦ ከቀኑ 7፡05